የጆሮ ማዳመጫን ድምፅ ስለ መግለጽ

ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በእጁ ይዳብሳል፤ ማር የሚገዛ ሰው በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፤ በሬ የሚገዛ ገበሬም ጥርሱን ገልጦ አይቶ፣ ጥቂት አስኪዶ ዋጋ ይቆርጣል። የጆሮ ማዳመጫ የሚገዛ ተማሪ ግን ይህ ዕድል እምብዛም አይገጥመውም። በደሴ ፒያሳም ይሁን በኮምቦልቻ ሱቅ ገብቶ ሲጠይቅ ባለሱቁ የሚያቀርብለት የታሸገ ካርቶን ነው። አንድ ጊዜ ተከፍቶ በሰው ጆሮ የገባ ዕቃ ለሌላ ገዢ ስለማይሆን «እስቲ ሞክረው» የሚል ነጋዴ ብዙ አይገኝም፤ በዚህም ነጋዴውን መውቀስ አይገባም። እንግዲህ ገዢው የሚተማመነው ዕቃውን ቀደም ብሎ በገዛ ሰው ቃል ነው። የክፍል ጓደኛውን «ያንተ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጓደኛውም «ምርጥ ነው! ቤዝ አለው!» ብሎ ይመልስለታል። ከወላጆቹ ለምኖ ያገኘውን ወይም በክረምት ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይህችን አጭር መልስ አምኖ ያወጣል።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው መልስ፣ መልስ አይባልም። «ምርጥ» የሚለው ቃል በሰዋስው ትምህርታችሁ እንደምታውቁት ቅጽል ነው፤ ቅጽልም የስምን ጠባይ ይገልጻል። እዚህ ላይ የተገለጸው ግን የማዳመጫው ጠባይ ሳይሆን የተናጋሪው ደስታ ነው። ደስታውን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ ነገር ግን ደስታው ለሌላ ሰው ጆሮ የሚነግረው ነገር የለም። ይህን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ገለጻ ስትሰሙ «ይህን ዕቃ በጆሮው ያደረገ ሌላ ሰው አዳምጦ ‘ውሸት ነው’ ሊል ይችላልን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምርጥ ነው» ለሚል ሰው ‘ውሸት ነው’ የሚባልበት መንገድ የለም። «ከበሮው ሲመታ የዘፋኟ ቃል ይዋጣል» የሚል ሰው ግን ራሱን ለፈተና አቅርቧል፤ ማንም ያንኑ ዘፈን ከፍቶ፣ አዳምጦ፣ እውነት ወይም ሐሰት ሊል ይችላል። ለገዢ የሚጠቅመው ሊረጋገጥ ወይም ሊስተባበል የሚችለው ቃል ብቻ ነው።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች አሉ። ድምፅ የስሜት ጉዳይ ነው፤ ለአንዱ የጣመው ሌላውን ይቆረቁረዋል፤ ስለዚህ ስለ ድምፅ መከራከር ከንቱ ነው ይላሉ። አነጋገራቸው ጥቂት እውነት አለበት፤ ይሁንና ከሚገባው በላይ ይዘረጉታል። ሾን ኦሊቭ የተባለ የድምፅ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረቡት ጥናት ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ ከጀርመንና ከቻይና የመጡ፣ ዕድሜያቸውና ልምዳቸው የተለያየ አድማጮችን የማዳመጫ ድምፆች አሰምተው አስመርጠዋል። አድማጮቹ የዕቃውን ስምና ዋጋ እንዲያውቁ አልተደረገም። ያም ሆኖ የአብዛኞቹ ምርጫ ከሚታሰበው ይልቅ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጆሮ ከጆሮ ያን ያህል አይራራቅም። የሚራራቀው አነጋገራችን ነው።

ሌሎች ደግሞ አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል የለውም ይላሉ። ይህ ፈጽሞ አይቀበሉትም። ጎርናና፣ ሰላላ፣ ሻካራ፣ ለስላሳ፣ ስርቅርቅ፣ መረዋ፣ የታፈነ፣ የሰለለ፣ የሚያስገመግም፣ የሚያንሾካሹክ፣ የሚያንቋርር እያለ የሰውን ድምፅ ብቻ በብዙ ቃል የሚለይ ሕዝብ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ድምፅ አፉ ሊያያዝ አይገባውም። ችግሩ የቃል እጥረት ሳይሆን ቃሉን ያለ ማሠሪያ መልቀቅ ነው። «ለስላሳ ነው» ሲባል ምኑ? የማሲንቆው ጩኸት ነው ወይስ የድምፃዊው ቃል? ለስላሳ የሆነውስ ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው? ቅጽሉ የሚገልጸው ስም ከአጠገቡ ካልተቀመጠ፣ «ከ...ይልቅ» የሚለው ማነጻጸሪያም ካልተጨመረበት፣ ሰሚው የፈለገውን ይሞላበታል። የሚሞላውም ዘወትር የሚመኘውን ነው።

ስም ስል ምን ዓይነት ስም እንደሆነ ልግለጽ። ገላጩና ገዢው ሁለቱም አስቀድመው በባዶ ጆሯቸው የሚያውቁት ድምፅ መሆን ይኖርበታል። በዚህ ረገድ የወሎ ልጆች ባለጸጎች ናችሁ። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ አገሮች ነው። የአምባሰል ዜማ ሲነሣ ስሟ አብሮ የሚነሣውን የማሪቱ ለገሠን ድምፅ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ማሪቱ አምባሰልን ስትዘፍን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በምታንቆረቁርበት ቦታ ላይ ጆሮ ይወጋል» ብሎ ቢናገር፣ ሰሚው ቦታውን ያውቀዋል፤ ያለ ማዳመጫ እዚያ ቦታ ላይ የሚወጋ ነገር እንደሌለም ያውቃል። ጥፋቱ የዕቃው መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። መንዙማ ለሚያዳምጥም እንዲሁ ነው፤ መሪው ብቻውን ሲያዜምና ተቀባዮቹ ከከበሮና ከጭብጨባ ጋር ሲመልሱ ያለውን ልዩነት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በደኅና ማዳመጫ የተቀባዮቹ ድምፅ የብዙ ሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማል፤ በደካማው ግን ሁሉም ተጨፍልቆ እንደ አንድ ወፍራም ሰው ድምፅ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም መመዘኛ ግን በገና ይመስለኛል። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ በየአውታሩና በድልድዩ መካከል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ እነዚህም እንዝራ ይባላሉ። አውታሩ ሲመታ እንዝራውን እየነካ ስለሚርገበገብ ያ የታወቀው የበገና ዝምዝምታ ይፈጠራል። የዓለሙ አጋን በገና በቀረጻ የሰማ ሰው (በውጭ አገር «ኢትዮፒክስ» ተብሎ የወጣው ተከታታይ 11ኛው ቅጽ የእርሱ ነው) ይህን ዝምዝምታ አይስተውም። አሁን ልብ በሉ፤ በገናን የማያውቅ የሌላ አገር ሰው ይህን ድምፅ በማዳመጫ ቢሰማ ዕቃው ተበላሽቷል፣ ይንዘፈዘፋል ብሎ ሊከስ ይችላል። እኛ ግን ዝምዝምታው የመሣሪያው የራሱ ድምፅ መሆኑን ስለምናውቅ ነገሩን በተቃራኒው እንፈርዳለን፤ ዝምዝምታውን ያደበዘዘ ማዳመጫ ቀጫጭኑን ድምፅ አጉድሏል ማለት ነው። ወፍራሙን ግርግርታ ያሳነሰውም የታችኛውን ድምፅ አጉድሏል። በአንድ መሣሪያ ሁለቱንም ጫፍ መፈተን ይቻላል። አንድ ድምፅ ጥፋት ወይም ሙያ መሆኑን የሚለየው ምንጩን ማወቅ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ቋንቋችን ራሱም መፈተኛ ነው። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፀ» የተባሉት ፊደላት ድምፃቸው ከፍ ካለ ድግግሞሽ የሚመጣ ነው፤ የ«ሰ» ኀይል በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ይገኛል። አንድ ማዳመጫ ይህን ቦታ ካበዛው ዜና አንባቢው እንደ እባብ የሚያፏጭ ይመስላል፤ ካሳነሰው ደግሞ ቃሉ በጋቢ ተሸፍኖ የሚናገር ሰው ቃል ይሆናል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የሚባሉት ፈንጂ ድምፆችም አሉ፤ እነዚህ ሲነገሩ ቆረጥ ብለው ሊሰሙ ይገባል። ሬዲዮ ከፍቶ አንድ ዜና ማዳመጥ ለዚህ ይበቃል፤ ዘፈን እንኳ አያስፈልግም።

አሁን ወደዚያች «ቤዝ» ወደምትባል ቃል እንመለስ። ከባዕድ ቋንቋ መምጣቷ አያስከፋኝም፤ ገበያው ተቀብሏታል። የሚያስከፋው ብዙ ነገር በአንዲት ቃል መሸፈኗ ነው። ከበሮን አስቡ። አንደኛው ፊቱ ሰፊ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ሌላው ፊቱ ጠባብ ነው፤ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በደኅና ማዳመጫ በሰፊው ፊት ላይ እጅ ሲያርፍ ይሰማል፤ ቀጥሎ የቆዳው ግምታ ይመጣል፤ ከዚያም ያበቃና የሚቀጥለው ምት ይተካል። በሌላው ማዳመጫ ግን ግምታው ሳያበቃ የሚቀጥለው ምት ስለሚደርስበት ሁሉም ተያይዞ እንደ ደራሽ ጎርፍ ያጓራል። ሁለቱም «ቤዝ አላቸው»። አንደኛው ከበሮ ያሰማል፤ ሁለተኛው ራስ ያሳምማል። ስለዚህ «ቤዝ አለው» ከማለት «የከበሮው ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል» ወይም «ምቱ ይደባለቃል» ማለት የበለጠ ይናገራል፤ ቃሉም ብዙ አልረዘመም።

ገለጻው ድምፁ የተሰማበትን ስፍራ ካልጨመረ ግን አሁንም ጎደሎ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጋል። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ማዳመጫ የሚያደርግ ተማሪ በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የሞተሩና የጎማው ጉርምርምታ ነው። ይህ ጩኸት ወፍራም ስለሆነ የዘፈኑንም ወፍራም ድምፅ ይሸፍንበታል፤ ማታ በመኝታ ቤት ሙሉ የነበረው ማዳመጫ በመኪና ውስጥ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ከቁልቁለቱ የሚመጣ ነው። በፍጥነት ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር እስኪስተካከል ድረስ ጆሯችን ይደፈናል፤ ምራቅ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ «ጧ» ብሎ ይከፈታል። በዚያ መካከል የተሰጠ ፍርድ የማዳመጫው ሳይሆን የቁልቁለቱ ነው። ኮምቦልቻ ሲደርስ «ድምፁ የታፈነ ነው» ብሎ ለጓደኞቹ የሚያወራ ልጅ ውሸታም አይደለም፤ የት ሆኖ እንደሰማ ብቻ አልነገራቸውም።

ከስፍራው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገርም አለ። በጆሮ ቀዳዳ የሚገቡት ማዳመጫዎች ጫፋቸው ላይ ጎማ አላቸው፤ ብዙዎቹም በካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይዘው ይመጣሉ። ጎማው የጆሮውን ቀዳዳ በሚገባ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ዕቃ ገዝተው አንዱ «ከበሮው አይሰማም»፣ ሌላው «ከበሮው በዛ» እያሉ ሲጣሉ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ያለው በዚህች ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ የትኛውን ጎማ እንዳደረጋችሁ መናገር የሚያሳፍር ዝርዝር አይደለም፤ ከገለጻው ዋና ክፍል ነው።

ስለ ድምፅ ጉልበትም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለት ማዳመጫዎችን የሚያወዳድር ሰው፣ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ያለ ምክንያት ይወድደዋል፤ ይህ የሰው ጆሮ ሁሉ ጠባይ ነው። የሚሻለው የሁለቱን ጉልበት አስተካክሎ ማወዳደር ነው። «በጣም ይጮኻል» የሚለው ምስጋናም ቢቀር ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ ለዚያው ሰዓት 75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። ጉልበቱ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ለአዋቂው የሚፈቀደው ሰዓት በሳምንት ወደ 4 ይወርዳል። በመኪና ጩኸት መካከል ድምፁን ሳይጨምሩ ቃሉ የሚሰማበት ማዳመጫ ከሚጮኸው ይበልጣል፤ ገዢም ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው።

በካርቶኑ ላይ የታተሙት ቁጥሮችስ? ጥቂቶቹ ይጠቅማሉ፤ ብዙዎቹ ጌጥ ናቸው። «ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ በርካሹም በውዱም ላይ ይገኛል። ጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማውን ክልል ይናገራል እንጂ ማዳመጫው በዚያ ክልል ውስጥ የትኛውን ከፍ፣ የትኛውን ዝቅ እንደሚያደርግ አይናገርም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገድ አለ ማለት መንገዱ ደልዳላ ነው ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህም እንዲሁ ነው። «40 ሚሊ ሜትር» የሚለው የድምፅ ማውጫውን ስፋት ይነግራል፤ ሰፊ ማለት ግን መልካም ማለት አይደለም። በኦም የተጻፈው ቁጥር የተሻለ ይረዳል፤ 16 ወይም 32 ኦም የሚል ማዳመጫ በስልክ ለመጠቀም ይስማማል፤ 250 ወይም 300 ኦም የሚል ዕቃ ግን በስልክ ብቻ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ያንሳል። ታዋቂ ስም የታተመበት ካርቶንም ስሙን እንጂ ድምፁን አያረጋግጥም፤ ስም ማተም ቀላል ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማዳመጫ ሲጀመር እንዲህ አስቸጋሪ ነገር አልነበረም። ናታንኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1910 በቤቱ ማድ ቤት የሠራቸውን ማዳመጫዎች ለአሜሪካ ባሕር ኀይል ሲያቀርብ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ መልእክቱ ይሰማል ወይስ አይሰማም? ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማን የተባለውን በኪስ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ካወጣ በኋላ ግን ማዳመጫ ሙዚቃን ይዞ መንገድ ወጣ፤ «ይሰማል» የሚለው መልስም ከዚያ ወዲህ አይበቃም።

ጥፋት ሁሉ የማዳመጫው እንዳይመስላችሁም። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 በአዲስ አበባ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በብዙ ስልክ ላይ ይገኛሉ፤ ነገር ግን አንድ ዘፈን ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሌላ ካሴት እየተገለበጠ ስልክ ላይ እስኪደርስ በየግልባጩ ጥቂት ጥራት ያጣል፤ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅም ይጨመርበታል። ደኅና ማዳመጫ ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል እንጂ አይሸፍነውም። ስለዚህ ዕቃውን የፈተናችሁበት ዘፈን አሮጌ ቅጂ ከሆነ ይህንኑ ተናገሩ።

አንድ ተማሪ የተባለውን ሁሉ ልብ ብሎ ስለ ማዳመጫው ቢጽፍ ምን ይመስላል? እንዲህ ሊል ይችላል እንበል፦

«በዚህ ማዳመጫ ሦስት ወር ተጠቀምኩ። ከጎማዎቹ መካከለኛውን አድርጌያለሁ። የከበሮ ምት ጎልቶ ይሰማል፤ ምቱ ሲፈጥን ግን አንዱ ከሌላው ይደባለቃል። ከስልኬ ጋር ከመጣው ማዳመጫ ይልቅ የድምፃዊውን ቃል ጥቂት ወደ ኋላ ያርቃል፤ ማሲንቆውን ግን አያጠፋም። ዜና ስሰማ ‘ሰ’ አያፏጭም። በበገና ቀረጻ ላይ የእንዝራው ዝምዝምታ ደብዝዞብኛል። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስመላለስ ድምፁን ሳልጨምር መንዙማ በደንብ እሰማበታለሁ፤ የመኪናውን ጩኸት ጎማው ይከላከልልኛል። ገመዱ ልብስ ሲነካ ኮሽታው እስከ ጆሮ ይደርሳል።»

በዚህ ገለጻ ውስጥ «ምርጥ» ወይም «አስቀያሚ» የሚል ቃል የለም፤ እንዲህ ያለው ቃል ባለመኖሩም የጎደለ ነገር አይታይም። ይህን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ይኑሩ። አንደኛዋ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በየቀኑ የምትመላለስ፣ በመንገድ ላይ መንዙማና ዜና የምታዳምጥ ልጅ ናት፤ ገመዱን ከሻርፗ ሥር አድርጋ ኮሽታውን ልትቀንስ እንደምትችል አስባ ገንዘቧን ይዛ ወደ ሱቅ ትሄዳለች። ሁለተኛው በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በቤቱ ተቀምጦ በገና የሚያዳምጥ ልጅ ነው፤ «ዝምዝምታው ደብዝዞብኛል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቦ ሌላ ዕቃ መጠየቅ ይጀምራል። ሁለቱም የወሰኑት ካርቶኑ ሳይከፈት ነው።